የ50 ዶላር ሱሺ እንዴት ያዋጣል?
«ለእርስዎ ትቻለሁ» ብሎ የሚበላ ደንበኛና ተማምኖ የሚሸጥ ባለቤት

በኒውዮርክ ከተማ፣ ማንሃተን በሚባለው ክፍል፣ «ማሳ» የተሰኘው የጃፓን ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲከፈት ለአንድ ሰው እራት የሚያስከፍለው 300 ዶላር ነበር። ዋጋው ከዓመት ዓመት እያደገ ሄዶ በ2020ዎቹ ከ700 ዶላር በላይ ደረሰ። በዚያው ማንሃተን፣ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ በግሬት ጆንስ ጎዳና አጠገብ፣ በ2016 «ሱሺ ኦን ጆንስ» የተባለች አራት መቀመጫ ብቻ የነበራት ባንኮኒ ሥራ ጀመረች። እዚያ ደግሞ እንግዳው 12 ጉርሻ ሱሺ በ30 ደቂቃ ይበላል፤ የሚጠየቀውም 50 ዶላር ነበር።

ሁለቱም ቤቶች ለሽያጭ ያቀረቡት በአንድ ስም የሚጠራ ማዕድ ነው። ስሙ «ኦማካሴ» ይባላል። ዓሣው ጥሬ፣ ሩዙ በአቼቶ የታሸ፣ አቅራቢው በባንኮኒ ጀርባ የቆመ ባለሙያ ነው። ታዲያ አንዱ 300፣ ሌላው 50 የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ነጋዴ የሆነ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ «ወይ አንደኛው ይዘርፋል፣ ወይ ሁለተኛው ይከስራል» የሚል ነው። ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ርካሹ ኦማካሴ ርካሽ የሆነው በአብዛኛው ዓሣው ስለወረደ ሳይሆን፣ ደንበኛው ሦስት ነገሮችን ለባለቤቱ አሳልፎ ስለሚሰጥ ነው፤ ምርጫውን፣ ሰዓቱንና ቅድሚያ ቃሉን። ባለቤቱ እነዚህን ሦስት ነገሮች ወደ ገንዘብ ይለውጣቸዋል። ዝርዝሩን ቀጥለን እንመለከታለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦማካሴ ምን ማለት ነው?

ቃሉ የጃፓንኛ ሲሆን «ማካሴሩ» ከሚል ግሥ የመጣ ነው፤ አደራ መስጠት፣ ለሌላው መተው ማለት ነው። እንግዳው ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ «ኦማካሴ» ሲል «እርስዎ ያውቃሉ፣ ለእርስዎ ትቻለሁ» ማለቱ ነው።

በጃፓን የሱሺ ቤት ሦስት ዓይነት የአበላል ስምምነት አለ። አንደኛው «ኦኮኖሚ» ይባላል፤ እንግዳው የፈለገውን እየጠራ አንድ በአንድ ያዛል። ሁለተኛው «ኦኪማሪ» ነው፤ ዓይነቱም ቁጥሩም ዋጋውም አስቀድሞ ተወስኖ በአንድ ሳሕን ይቀርባል። ሦስተኛው ኦማካሴ ነው፤ ዓይነቱንና ተራውን የሚወስነው ባለሙያው ነው።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሥጋ ቤት ገብቶ «ከሻኛው ይሁን፣ ከጎድኑ ጨምር» እያለ የሚያዝ አለ። የቤቱ ደንበኛ የሆነው ግን «እንደምታውቀው አድርገው» ብሎ ይቀመጣል። ሥጋ ሻጩም በዚያ ዕለት የትኛው ብልት እንዳማረ ስለሚያውቅ ከዚያ ይቆርጥለታል። ጥሬ የሚበላ ሰው ከሚበስለው ይበልጥ በሻጩ መተማመን አለበት፤ ስሕተትን የሚሸፍን እሳትም ቅመምም የለምና።

በቶኪዮ ታላላቅ የሱሺ ቤቶች የዓሣው ዋጋ በሰሌዳ ላይ ሳይጻፍ «በዕለቱ ገበያ» ተብሎ ብቻ የሚቀርብበት ልማድ ነበር። እንግዳው ስንት እንደሚከፍል የሚያውቀው ከበላ በኋላ ነው። ስለዚህ ያልለመደ ሰው እግሩን አንስቶ መግባት ይፈራ ነበር። ዋጋው አስቀድሞ የተነገረ ኦማካሴ ይህን ፍርሃት አነሣ። እንግዳው ምርጫውን ተወ፣ በምትኩ የኪሱን ልክ አወቀ። ርካሹ ኦማካሴ የተመሠረተው በዚህ ልውውጥ ላይ ነው።

ፈጣንና ርካሽ መሆኑ አዲስ አይደለም

አንዳንድ ሰው በግማሽ ሰዓት የሚበላ ሱሺ ሲያይ «ክብሩን አዋረዱት» ይላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በእጅ የሚጨበጠው የዛሬው ሱሺ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ ነው። ሃናያ ዮሄይ የተባለው ነጋዴ በ1820ዎቹ ይህን አቀራረብ በማስፋፋት ስሙ ይነሣል። ያኔ ሱሺ የመንገድ ዳር ምግብ ነበር። የቀን ሠራተኛውና ተላላኪው ቆሞ ሁለት ሦስት ጉርሻ በልቶ ይሄዳል። ፍሪጅ ስላልነበረ ዓሣው በጨውና በአቼቶ ይታሻል፣ ወይም በአኩሪ አተር ሶስ ይነከራል። እነዚህ ዘዴዎች እስከ ዛሬ በውድ ቤቶች ሳይቀር ይሠራባቸዋል።

ቀጥሎ የመጣው ትልቅ ለውጥ በ1958 የተከፈተው የሚሽከረከር ሱሺ ነው። ዮሺያኪ ሺራይሺ የተባለው የኦሳካ አካባቢ ባለምግብ ቤት በቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙሶች በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ሲሄዱ አይቶ፣ የሱሺ ሳሕኖችን በዚያው ዓይነት ቀበቶ በእንግዶች ፊት አሳለፈ። አስተናጋጅ ቀነሰ፣ ዋጋውም ወረደ። ጉድለቱ ግን ሳይነሣ ብዙ የዞረ ሳሕን መጣሉ ነው። ርካሹ ኦማካሴ ይህን ጉድለት ዘጋ፤ ማንም ያልፈለገው ጉርሻ አይሠራምና።

በባንኮኒው ላይ የሚሆነው

ገብቶ የማያውቅ አንባቢ ይኖራልና ሥርዓቱን ባጭሩ እንግለጽ። እንግዳው ቀጠሮ በያዘበት ሰዓት ይደርሳል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ከስምንት እስከ 12 የሚሆን መቀመጫ በአንድ ረጅም ባንኮኒ ፊት ተደርድሯል። እጅ መጥረጊያ የሞቀ ፎጣ ይሰጣል። ባለሙያው «የማይስማማዎት ምግብ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በትክክል መመለስ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ምርጫ የለምና።

ከዚያ አንድ በአንድ ይመጣል። ሩዙ የሰው ገላ ያህል ሙቀት አለው፣ ዓሣው ቀዝቀዝ ያለ ነው። እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ የሚያቃጥለው ዋሳቢ በመሐሉ ገብቷል፤ ሶሱም በብሩሽ ተቀብቷል። ስለዚህ እንግዳው እንደገና ሶስ ውስጥ መንከር አይጠበቅበትም። በእጅ መብላት ነውር አይደለም። እያንዳንዱ አንድ ጉርሻ ነው፤ በተቀመጠ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መነሣት አለበት። በጉርሻና በጉርሻ መካከል በአቼቶ የተዘፈዘፈ ዝንጅብል ይቀመሳል፤ አፍን ለማጠብ ነው።

ተራውም ስሌት አለው። አብዛኛውን ጊዜ ጣዕሙ ቀላል ከሆነ ነጭ ዓሣ ይጀመራል፣ ወደ ቀይ ቱና ይኬዳል፣ ከዚያ ስብ ወዳለው ቱና፣ ወደ ባሕር ጃርት እንቁላል፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጭ ሶስ ወደተቀባ የበሰለ የባሕር እባብ መሳይ ዓሣና ወደ እንቁላል ጥብስ ይደረሳል። በርካሽ ቤት አሥረኛው ወይም 11ኛው ላይ ውዱን ጉርሻ ያስቀምጣሉ። እንግዳው ከቤቱ ሲወጣ በአፉ የሚቀረው እሱ ነው።

ስሌቱ እንዴት ነው?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ከዚህ በታች የሚቀርበው ቁጥር ለማስረዳት የተዘጋጀ ምሳሌ እንጂ የአንድ የተወሰነ ቤት ደብተር አይደለም።

አሥር መቀመጫ ያለው ውድ ቤት እናስብ። እንግዳው ሁለት ሰዓት ከዚያም በላይ ይቀመጣል፤ ማታ ሁለት ዙር ብቻ ይስተናገዳል። 20 እንግዳ በ300 ዶላር ሲባዛ የቀኑ ገቢ 6,000 ዶላር ነው።

አሁን ደግሞ አሥር መቀመጫ ያለው ርካሽ ቤት እናስብ። ዋጋው 60 ዶላር፣ ዙሩ አንድ ሰዓት ነው። ለምሳ ሦስት ዙር፣ ለእራት ስድስት ዙር ያስተናግዳል። ዘጠኝ ዙር በአሥር መቀመጫ 90 እንግዳ ነው፤ በ60 ዶላር ሲባዛ 5,400 ዶላር ይሆናል። ዋጋው በአምስት እጅ ቢያንስም የቀኑ ገቢ በአሥር በመቶ ብቻ ነው ያነሰው። የሸጠው ዓሣን ብቻ አይደለም፤ የወንበርን ሰዓት ጭምር ነው።

ወጪውን እንይ። በአሜሪካ የምግብ ቤት ሥራ የተለመደው መመሪያ የምግብ ዕቃ ወጪ ከሽያጩ ከ28 እስከ 35 በመቶ እንዲሆን ነው። ከፍተኛውን 35 በመቶ ብንወስድ፣ ከ60 ዶላር ላይ 21 ዶላር ለዓሣ፣ ለሩዝና ለሌላው ይወጣል። ለ12 ጉርሻ ሲካፈል ለአንዱ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። በውዱ ቤት ግን 105 ዶላር ይሆናል። እንግዲህ ልዩነቱ የለም አይባልም። በ21 ዶላር የሚገዛውና በ105 ዶላር የሚገዛው አንድ ሊሆን አይችልም።

ለርካሹ ቤት ከእያንዳንዱ እንግዳ 39 ዶላር ይቀራል። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራትና ሌላው ቋሚ ወጪ በቀን 2,700 ዶላር ነው እንበል። ይህን ለመሸፈን ብቻ 70 እንግዳ ያስፈልጋል። 90 ወንበሮች ሁሉ ከተያዙ የቀኑ ትርፍ 810 ዶላር ነው። 60 ብቻ ከተያዙ ግን 360 ዶላር ኪሣራ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ሃያ ወንበር ባዶ መዋል ትርፉን ጠራርጎ ይወስደዋል።

ባለቤቱ ቀጠሮ የሚጠይቀው፣ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚቀበለው፣ አንዳንዱም ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው። 20 ደቂቃ ያረፈደ እንግዳ የዙሩን ሦስተኛ አጠፋ ማለት ነው። ደንበኛው «ትዕቢተኞች ናቸው» ሊል ይችላል። ባለቤቱ ግን ያለ ቀጠሮ ቃል በ60 ዶላር ሊሸጥ አይችልም።

ብክነት የሚያልቅበት ቦታ

ምርጫ መተው ለባለቤቱ ያለው ጥቅም ከዚህም ይበልጣል። እንግዳው እንደፈለገ በሚያዝበት ቤት 20 ወይም 25 ዓይነት ዓሣ በመስታወት ሣጥን ተደርድሮ መጠበቅ አለበት። ማን ምን እንደሚያዝ አይታወቅም። ያልታዘዘው በማግሥቱ ይወርዳል፣ በሦስተኛው ቀን ይጣላል። የተጣለው ዋጋ በተበላው ላይ ይጨመራል። «ምርጫ አለን» የሚል ቤት ሁሉ የምርጫውን ዋጋ ከደንበኛው ይቀበላል።

በኦማካሴ ቤት 90 እንግዳ ከተያዘ ከእያንዳንዱ ዓይነት 90 ጉርሻ እንደሚወጣ ጠዋት ይታወቃል። የአንድ ጉርሻ ዓሣ ከ12 እስከ 15 ግራም ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ኪሎ ከተጣራ ሥጋ ወደ 70 ጉርሻ ይወጣል። ባለሙያው ስንት ኪሎ እንደሚገዛ ሳይገምት በቁጥር ያውቃል። በዚያ ላይ ዓይነቱን የሚወስነው እሱ ስለሆነ የዕለቱ ገበያ ያረከሰውን ይገዛል። ማኬሬል ብዙ በተጠመደ ቀን ማኬሬል ያበላል። የባሕር ጃርት የተወደደ ቀን ይተወዋል። እንግዳው ቅር አይለውም፤ ዝርዝር አላየምና።

የባለሙያ ዋጋም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጃፓኖች «ኮሃዳ» የሚሉት ትንሽ ብርማ ዓሣ በባሕርይው አጥንት የበዛበትና ብዙም የማይፈለግ ነው። በጨውና በአቼቶ በልክ ሲታሽ ግን የሱሺ ቤት መፈተኛ ይሆናል። ርካሽ ዓሣ በእጅ ሙያ ውድ ጉርሻ ሆነ ማለት ነው። ደህና የሚባል ርካሽ ኦማካሴ የሚታወቀው በቱና ስብ ሳይሆን በእንዲህ ዓይነቱ ጉርሻ ነው።

ዓሣው ከየት ይመጣል?

ወደ ኒውዮርክ የሚገባው ዓሣ ሁለት ዋና መንገድ አለው። አንዱ የአገሩ ገበያ ነው። ፉልተን የተባለው ዝነኛ የዓሣ ገበያ በ2005 ከማንሃተን ተነሥቶ በብሮንክስ ሃንትስ ፖይንት ወደተሠራለት አዲስ ቦታ ተዛውሯል። ሁለተኛው መንገድ ከቶኪዮ በአውሮፕላን የሚመጣው ነው። በቶኪዮ ከ1935 ጀምሮ ያገለገለው የፅኪጂ የጅምላ ገበያ በኦክቶበር 2018 ተዘግቶ ወደ ቶዮሱ ተዛውሯል።

የቶዮሱ አሠራር ለደላላና ለጅምላ ነጋዴ ትምህርት የሚሆን ነው። ከባሕር የመጣውን ተቀብለው ለጨረታ የሚያቀርቡት ትላልቅ ጅምላ ሻጮች ናቸው። በጨረታው የሚገዙት በመቶዎች የሚቆጠሩ መካከለኛ ነጋዴዎች ናቸው፤ በጣት ምልክት ዋጋ ይጠራሉ። እነዚህ መካከለኞች በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው፣ ቆርጠው፣ ለየሱሺ ቤቱ ያከፋፍላሉ። የየደንበኛቸውን ባንኮኒ ያውቃሉ፤ ይህ ለዚያ ቤት፣ ያ ለዚህ ቤት ይሆናል እያሉ ያስቀምጣሉ። ብዙ የሱሺ ባለሙያም ለቱና ነጋዴው «ለአንተ ትቻለሁ» ይለዋል። እንግዳው ባለሙያውን አምኗል፣ ባለሙያው ነጋዴውን አምኗል። ኦማካሴ የሚያበቃው ባንኮኒው ላይ አይደለም።

ዓሣ በአውሮፕላን መጓዙ የተጀመረው ከባዶ ጭነት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላኖች የፋብሪካ ዕቃ ጭነው ወደ ሰሜን አሜሪካ ይሄዱና ሲመለሱ በቂ ጭነት ያጡ ነበር። አኪራ ኦካዛኪ የተባለው የአየር መንገዱ የጭነት ሠራተኛ ለመልሱ ጉዞ የሚሆን ሸቀጥ ሲፈልግ በካናዳ ልዑል ኤድዋርድ ደሴት የሚጠመደውን ትልቁን ብሉፊን ቱና አገኘ። ያ ዓሣ በዚያን ጊዜ በአካባቢው ለመዝናኛ ይጠመድና ብዙ ጊዜ ይቀበር ነበር። በኦገስት 1972 የመጀመሪያው ጭነት ፅኪጂ ገበያ ደርሶ ተሸጠ። ባዶ የሚመለስ አውሮፕላን አንድን የሚጣል ዓሣ የዓለም ሸቀጥ አደረገው።

ርካሹን ዋጋ የሚያስችለው ሌላው ነገር እርባታና ቅዝቃዜ ነው። የኖርዌይ መንግሥትና ነጋዴዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ የእርባታ ሳልሞናቸውን በጃፓን ለመሸጥ ዘመቻ ከማካሄዳቸው በፊት ጃፓኖች ሳልሞንን በጥሬው አይበሉም ነበር፤ የባሕሩ ሳልሞን ጥገኛ ትል ይኖርበታልና። ዛሬ ሳልሞን የሱሺ ቤት ተራ ሸቀጥ ነው። ቱና ደግሞ እዚያው መርከብ ላይ እስከ 60 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሚደርስ ቅዝቃዜ ይደርቃልና ለወራት ቀለሙን ሳይለውጥ ይቆያል። «ቀዝቅዞ የነበረ ነው» ማለት ነውር አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመሪያ በጥሬው የሚበላ ዓሣ፣ እንደ አንዳንድ የቱና ዓይነቶች ካሉት በስተቀር፣ ትሉን ለመግደል በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሰባት ቀን፣ ወይም በ35 ዲግሪ ከዜሮ በታች ደርቆ ለ15 ሰዓት እንዲቆይ ያዛል።

የአዲስ ዓመት ጨረታ አያሳስት

በየዓመቱ ጃንዋሪ ወር ላይ አንድ ቱና ለሰሚ በሚያስደነግጥ ዋጋ ተሸጠ የሚል ዜና ይሰማል። በጃንዋሪ 2019 በቶዮሱ የተደረገው የመጀመሪያው የአዲስ ዓመት ጨረታ 278 ኪሎ የሚመዝን ቱና በ333.6 ሚሊዮን የን አሸጠ። በኪሎ 1.2 ሚሊዮን የን መሆኑ ነው። ገዢው «ሱሺዛንማይ» የተባለው የሱሺ ቤቶች ድርጅት ባለቤት ኪዮሺ ኪሙራ ነበሩ። በዚያ ዋጋ አንድ ጉርሻ ዓሣው ብቻ ከ14,000 የን በላይ ይወጣዋል። ቤቱ ግን ለእንግዳ የሸጠው በዘወትር ዋጋው ነው።

ይህ የዓሣ ዋጋ ሳይሆን የማስታወቂያ ዋጋ ነው። የዚያን ዕለት የገዢው ስምና ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጥቷል። «ቱና በዚህ ዋጋ እየተሸጠ 50 ዶላር እንዴት ያዋጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሁለት የተለያዩ ገበያዎችን ዋጋ አደባልቋል።

መታመን የሚፈርስበት

እስካሁን የተናገርነው በታመነ ቤት ላይ ነው። ችግሩ ምርጫ አሳልፎ መስጠት ለአታላይም በር መክፈቱ ነው። ኦሺአና የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት ከ2010 እስከ 2012 በአሜሪካ ከ674 መሸጫዎች 1,215 የዓሣ ናሙና ሰብስቦ በዘር ምርመራ አስፈትሾ ነበር። በ2013 ያወጣው ውጤት ከናሙናው 33 በመቶ የሚሆነው ከተጠራበት ስም የተለየ ዓሣ መሆኑን አሳየ። በሱሺ ቤቶች የተገኘው ደግሞ 74 በመቶ ነበር። «ነጭ ቱና» ተብሎ ከተሸጠው 84 በመቶው ቱና ሳይሆን ኤስኮላር የተባለ ቅባታም ዓሣ ሆኖ ተገኘ። ኤስኮላር ከተወሰነ መጠን በላይ ሲበላ ሆድ ያስቀምጣል፤ ጃፓን ለምግብነት እንዳይሸጥ ከልክላዋለች።

ይህ ጥፋት የርካሽ ቤት ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ የስም ለውጡ ከጅምላ ሻጩም ሊጀምር ይችላል። ቢሆንም ኪሣራው የሚያርፈው በማንም ሳይሆን በባንኮኒው ባለቤት ላይ ነው። ደንበኛው የሰጠው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተመላሽ በተደረገለት ነበር። የሰጠው ግን እምነቱን ስለሆነ ተመልሶ አይመጣም። 90 ወንበር ሞልቶ ብቻ የሚያተርፍ ቤት ደግሞ ሃያ ደንበኛ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል።

ለደንበኛ የሚጠቅም ምክር

ኒውዮርክ፣ ቶኪዮ ወይም ሌላ ትልቅ ከተማ በሥራ የሚሄድ አንባቢ እነዚህን ነጥቦች ቢይዝ ይጠቅመዋል።

የተጻፈው ዋጋ የሚከፈለው ዋጋ አይደለም። በኒውዮርክ ከተማ የሽያጭ ቀረጥ 8.875 በመቶ ነው። 50 ዶላር ላይ ቀረጡ ሲታከል 54 ዶላር ከ44 ሳንቲም ይሆናል፤ 20 በመቶ ቲፕ ሲጨመር 64 ዶላር ከ44 ሳንቲም ይደርሳል። በጃፓን ግን ቲፕ የለም።

መጠጥና «ተጨማሪ ጉርሻ» ትርፍ የሚሰበሰብባቸው ናቸው። 12ኛው ጉርሻ ካለቀ በኋላ ባለሙያው «ስብ ያለው ቱና ልጨምርልዎት?» ሲል ዋጋውን መጠየቅ ነውር የለውም። አሥር ዶላር የሆነ ጉርሻ ሁለቴ ቢነሣ ርካሹ ቤት ርካሽ መሆኑ ይቀራል።

ምሳ ከእራት ይረክሳል። በቶኪዮ ብዙ የታወቁ ቤቶች ለምሳ የሚያስከፍሉት ከእራቱ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ የሚሠራው እጅ ግን ያው ነው።

ሩዙን ይመርምሩ። ዓሣ ውድ ነው፣ ሩዝ ግን ርካሽ ነው። ርካሹን ነገር በቸልታ የሠራ ቤት ውዱን በጥንቃቄ ያዘ ብሎ ማመን ያስቸግራል። ሩዙ የቀዘቀዘና የጠጠረ ከሆነ ቀድሞ ተጨብጦ የተቀመጠ ነው ማለት ነው።

ይጠይቁ። «ይህ ዓሣ ከየት ነው? የእርባታ ነው የባሕር?» ለሚል ጥያቄ የታመነ ባለሙያ ሳያመነታ ይመልሳል። «እርባታ ነው» ወይም «ቀዝቅዞ የመጣ ነው» የሚል መልስ ከሰሙ ቤቱ ደህና ነው። ሁሉም ነገር «ዛሬ ጠዋት ከቶኪዮ የመጣ ነው» የሚል ከሆነ ግን ኪስዎን ይያዙ።

ለነጋዴ የሚጠቅም ነጥብ

የዚህ ገበያ ፍሬ ነገር ዓሣ ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ዋጋ ለመቀነስ የሚፈልግ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃውን ጥራት ይቀንሳል ወይም ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ይቆርጣል። ርካሹ ኦማካሴ የቆረጠው ከባዶ ወንበር፣ ከተጣለ ዓሣና ከማይታወቅ ትዕዛዝ ላይ ነው። ደንበኛው «ይህን ያህል ሰው፣ በዚህ ሰዓት፣ የሰጠኸንን እንበላለን» ብሎ አስቀድሞ ሲናገር ሻጩ ግምቱን ትቶ በቁጥር ይገዛል። የግምቱ ወጪ ሲቀር ቅናሽ የሚሆነው እሱ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው ግዴታ ግን መዘንጋት የለበትም። ቅናሹን የፈጠረው ደንበኛው የሰጠው እምነት እንጂ የባለቤቱ ብልኃት ብቻ አይደለም። ምርጫውን ለሻጭ የተወ ገዢ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን እንደዘረጋ ሰው ነው። በዚያ እጅ ላይ ደህናውን ያስቀመጠ ቤት ነገም ወንበሩ ይሞላል። አንድ ቀን ኤስኮላሩን ቱና ነው ብሎ ያስቀመጠ ደግሞ ደንበኛው ምርጫውን መልሶ ይወስድበታል፤ ያን ጊዜ 25 ዓይነት ዓሣ ደርድሮ መጠበቁ ይመጣል፣ የ50 ዶላሩ ዋጋም አብሮ ይቀራል።